ጎጆ ልውጣ ያለች ልጅ

የሺሐረግ ያን ቃል የተናገረችው ኅዳር ላይ፣ ለአባቷ ምሳ ስታቀርብ ነበር። ቃሉን አገላብጣ አገላብጣ ነው የመረጠችው። "ላገባ ነው" ብሎ ለአባት መንገር ነውር ነው፤ "ተክሌ የሚባል ሰው አለ" ማለት ደግሞ ከነውርም የባሰ። ስለዚህ እንደ ጨዋ ልጅ ዓይኗን ሰሃኑ ላይ ተክላ፣ "አባዬ፣ እኔም እንግዲህ ጎጆ ብወጣ ብዬ አስቤያለሁ" አለች።

አቶ ወልደሰንበት ጉርሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ጉልበታቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን እንደበላው አቃቂ በሙሉ ያውቃል። ከእሳቸው ጋር የሚያወራ ሰው ወይ ይጮሃል፣ ወይ ይደግማል።

"ጎጆ?" አሉ።

"አዎ፣ ጎጆ" አለች፤ ጆሮዋ ድረስ እየጋላት።

"ጥሩ አስበሻል። ጓሮው ባዶውን ነው የተቀመጠው። ቢሾፍቱ ሆቴሎቹ ግቢ እንዳለው፣ ግድግዳ የሌለው፣ ዙሪያውን መቀመጫ ያለው አንድ ጎጆ እንሠራበታለን። አንቺም የስፌት መኪናሽን አውጥተሽ ነፋስ እየተቀበልሽ ትሠሪያለሽ።"

እዚያው ላይ ማረም ነበረባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን አባቷ ደስ ብሏቸዋል፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ደስ ሲላቸው አላየችም፤ እናም "ነገ እነግረዋለሁ" ብላ ሰሃኑን አነሳች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሷ ዝምታ ግን ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ፤ ሮሪሳ የሚባል ግንበኛ ዶማና አካፋ ተሸክሞ የግቢውን በር አንኳኳ።

ጎጆ ቢሉት ጎጆ፣ ጥቂት ቋሚ ተክሎ ሣር መክደን ነው። አቶ ወልደሰንበት ግን መሠረት አሉ። የአቃቂ አፈር ጥቁር ነው፤ ሮሪሳ በቋንቋው ኮቲቻ ይለዋል። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ የተሸከመውንም ቤት አብሮ ይሰነጥቀዋል። የሳሎናቸው ግድግዳ ምስክር ነው፤ በየዓመቱ ይለሰናል፣ በየዓመቱ ይከፈታል።

"ይሄን ቤት ስንሠራ እናትሽ የመጀመሪያውን አርግዛ ነበር፤ ቸኮልን" ይላሉ አባቷ። "አሁን የሚያስቸኩለኝ የለም። ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ይውጣ፤ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈር።"

ሮሪሳ ጉልበቱ ድረስ ቆፈረ። አፈሩ ጥቁር ነው። ወገቡ ድረስ ቆፈረ። አሁንም ጥቁር ነው። "ጋሼ፣ ለጎጆ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ለፎቅ ነው የሚሆነው" ሲላቸው፣ አቶ ወልደሰንበት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "እ?" ይላሉ። ሲደግምላቸው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሮሪሳም ምን ቸገረኝ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።

የሺሐረግ የምትሰፋው ጓሮውን በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ቀና ባለች ቁጥር የሚታያት ያ ጉድጓድ ነው። ሦስት ወንድሞቿ ጎጆ ሲወጡ ማንም አልቆፈረላቸውም፤ ተመርቀው ሄዱ፣ በበዓል ይመጣሉ። እሷ የመጨረሻዋ ናት፤ የአባቷን መድኃኒት የምታስታውስ፣ ሽሯቸውን የምትሠራ፣ ሰው ያለውን ጆሯቸው ሥር የምትደግም እሷ ናት። አንዳንድ ቀን ትናደዳለች፤ የምትናደደው በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አይገባትም።

ተክሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቷል። አዲስ በተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ አብረው እየሄዱ፣ "ሽማግሌ ልላክ?" አላት።

"ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገረው።"

"መቼ?"

"መሠረቱ ሲያልቅ።"

"የሺ፣ ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም። እኔ ደግሞ ከፋሲካ በፊት እዚያ መገኘት አለብኝ። ሳትነግሪያቸው ሽማግሌ ልኬ 'እኔ የማውቀው ነገር የለም' ብለው ቢመልሱብኝ፣ ሁለተኛ የሚሄድልኝ ሰው አላገኝም።" ቀጥሎም፣ "ብቻዬን እንድሄድ ከሆነ የምትፈልጊው፣ እሱንም ንገሪኝ" አላት።

ቢሆንም ጥር ገባ፣ አልነገረችም።

ጥር አጋማሽ ላይ ክር ልትገዛ ሐጀራ ሱቅ ብትሄድ፣ ሐጀራ ከባንኮኒው ዞራ ወጥታ አቀፈቻት። "ማሻ አላህ፣ ጎጆ ልትወጪ ነው አሉ።"

"ማን ነው ያለው?"

"አባትሽ ናቸዋ። ሚስማር ሊገዙ መጥተው 'ለየሺ ጎጆ ልሠራላት ነው' አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ልጁ እናንተው ግቢ ሊገባ ነው እንዴ? ጥሩ ነው፣ አባትሽንም አትለያቸውም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የእድሩ ሴቶች ድስት ማን ያውሳል እስከ መባባል ደርሰዋል ለካ። ሰው ሁሉ ቃሉን እንደ ወጉ ተረድቶታል፤ ያልገባቸው አባቷ ብቻ ናቸው። ክሩን ሳትገዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ጠንካራው መሬት ተገኝቶ ነበር። ድንጋይና ገረጋንቲ የሚሉት ጠጠራም አፈር ከመሞላቱ በፊት አባቷ ዙሪያው እኩል መሆኑ በውኃ ልክ ይታይ ብለው፣ ረጅም ቱቦ ውኃ ሞልተው ቆመዋል። "ነይማ የሺ፣ ውረጂና ይቺን ጫፍ ያዢልኝ" አሏት። ሌላውን ጫፍ ሮሪሳ ካስማው ላይ ይዟል። እሷም እንደ ሁልጊዜዋ ወረደች። ጥቁሩ አፈር ዙሪያውን እስከ ትከሻዋ መጣ።

"እንዳትነቃነቂ፣ ውኃው ይርጋ" አሉ ከላይ።

የሹራቧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ተክሌ ነው፤ ዛሬ ቁርጡን ልትነግረው ቃል ገብታለት ነበር። ሁለት እጇ ቱቦው ላይ ነው። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ትዕግሥቷም ያኔ አለቀ።

"አባዬ" ብላ ጮኸች፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ። "ጎጆ ያልኩህ ይሄን አይደለም። ላገባ ነው። ተክሌ ይባላል። ድሬዳዋ ልንሄድ ነው።"

ሮሪሳ ካስማውን እንደያዘ ቀረ። አቶ ወልደሰንበት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አላደረጉም።

"አትጩኺ" አሉ ቀስ ብለው። "ሰምቻለሁ። ኅዳርም ሰምቼሻለሁ።"

"ሰምተህ ነው ይሄን ሁሉ?"

"ጎጆ መውጣት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ሦስት ልጅ ድሬያለሁ። የምር ከፈለገች ትደግመዋለች አልኩ። አልደገምሽም። ዝም ባልሽ ቁጥር ወደ ታች አስቆፈርኩ። መሄድ አልፈለገችም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።"

የሺሐረግ ልትሰድባቸው ፈለገች፤ ልታቅፋቸውም ፈለገች። አባት አይሰደብም፤ ለማቀፍ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ናት።

"አሁን ደገምኩልህ" አለች።

"ደገምሽ።"

"እና?"

ሂጂም አላሉ፣ ቅሪም አላሉ። ቢቆጧት በወጣች ነበር፤ ቢመርቋትም እንዲሁ። እሳቸው ግን አፈሩን በጣታቸው እየፈረፈሩ ዝም አሉ፤ ዝም ያለ ሰው ሌላውን እንዴት አስሮ እንደሚይዝ ያኔ ገባት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቱቦውን ለቀቀችው፤ ውኃው እግሯ ሥር ፈሰሰ።

"ተክሌ" አለች፣ "እሑድ ሽማግሌዎቹን ላካቸው። አዎ፣ ነግሬዋለሁ።"

አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ባዶውን ቱቦ ይጠቀልሉ ጀመር። "እሑድ የት ይቀመጣሉ?" አሉ። "ይሄ ገና ጉድጓድ ነው።"

"ሳሎን ይቀመጣሉ" አለች የሺሐረግ፤ አልጮኸችም።