ደሞዝ ወጣ፣ ደሞዝ ገባ

መቱ ላይ ድሮ ደሞዝ ይወጣ ነበር፤ አሁን ይገባል። ያው ብር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። «ደሞዝ ወጣ» ሲባል፣ በኦሮምኛው «ሚንዳን በኤ» ሲባል፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከየክፍሉ ተግተልትሎ ወደ እትዬ ዲሪቤ መስኮት ይወርዳል። እትዬ ዲሪቤ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ስም ይጠራሉ። የተጠራው ይፈርማል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ዞር ሲል ደግሞ አግዳሚ ወንበሯን ያገኛታል።

አግዳሚዋ በደህናው ጊዜ ባዶዋን ናት። ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ ሲኖር ግን እትዬ ዲሪቤ የእሱን ደሞዝ አስቀድመው ይከፍሉና «እዚያ አረፍ በል» ይሉታል። ከዚያ ደሞዙን የተቀበለ ሁሉ ከእጁ ላይ ማስተዛዘኛውን ቆንጥሮ አጠገቡ ያለች ካርቶን ውስጥ ይጥላል፤ የሐዘንተኛውን እጅ ይይዛል፤ አንድ ቃል ይነግረዋል፤ ይሄዳል። ኃላፊው ከዘበኛው ኋላ ተሰልፎ፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በኦሮምኛ። ልማዱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ዲሪቤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ የሚከራከራቸውም የለም። ብሩ በእሳቸው እጅ ነዋ!

የመዝገብ ቤቱ ወንድይራድ ይህን ነገር አይወደውም ነበር። «ደሞዙ ራሱ ሲታይ ያስለቅሳል፤ ለቅሶ ለምን ይጨመርበታል?» እያለ ሰልፉን ያስቃል። ቀልዱን ያቆመው የሾፌሩ የባጫ እናት የሞቱ ጊዜ ነው። ባጫ በቀብሩ ላይ ጠብ የሚል እንባ አልነበረውም፤ እንዲያውም አስተዛዛኙን ሲያስቅ ሰነበተ። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጦ ግን አራት አምስት ሰው እጁን ከያዘው በኋላ ድንገት ፈረሰ። ያን ግዙፍ ሰው ይዞ የቆየው ወንድይራድ ነበር። ባጫ ወደ መኪናው ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ የወጣ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ ባንክ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ደብተር አወጣ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ስልክ ቁጥሩን አስመዘገበ። ዛሬ ነገ ሲባል ወራት ስላለፈ ግን ነገሩን ከልቡ ያመነ አልነበረም። ወንድይራድ ማታ ቤቱ ገብቶ «ከእንግዲህ ደሞዝ ባንክ ነው የሚገባው» ብሎ ለሚስቱ ለሳያት ሲነግራት፣ ልብስ እያጣጠፈች ሳቀችበት። «ይግባ እስቲ! አንተ ራስህ በደሞዝ ቀን ቤት የምትገባው ስንት ሰዓት ነው?»

ሳያት የጎሬ ልጅ ነበረች። ሐምሌ ላይ ትኩሳት ያዛት፤ ከመቱ ወደ ጅማ ተላከች፤ በሳምንቷ አለፈች። አስከሬኗን ባጫ በመሥሪያ ቤቱ መኪና አመጣው። ጎሬ ላይ፣ ጉሙ ከኮረብታው ሳይነሣ፣ ዝናቡ አባርቶ እንደገና ሳይጀምር ተቀበረች። ወንድይራድ አላለቀሰም። ሊያለቅስ ፈልጎ ነበር። ሆዱን ሲዳብሰው ባዶ ጆንያ ነው፤ ከውስጡ የሚነሣ ነገር የለም። አንዳንዱ «ጠንካራ ነው» አለ። የሳያት አክስት ግን ከኋላው ሆነው፣ እንዲሰማላቸው አድርገው፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉ። ሰማቸው። አልተቀየማቸውም፤ ለመቀየምም አቅም ያስፈልጋል።

ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላም ያው ነው። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ማታ የሳያት ነጠላ ከተንጠለጠለበት ምስማር ሥር ተቀምጦ ይበላል፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ያስፈራው ጀመር፤ እንዲህ ደንዝዞ እንዳይቀር። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው የኖረች ሴት ያለ አንዲት እንባ እንዳትሸኝ። የዚያን ጊዜ ነው አግዳሚዋ ትዝ ያለችው። «ደሞዝ ይውጣ ብቻ» አለ ለራሱ። ባጫን ያፈረሰች አግዳሚ እሱ አያቅታትም። ባንክ የሚባል ነገር መኖሩን ጭንቅላቱ ያውቃል፤ ልቡ ግን አልሰማም ነበር። ሐዘን እንዲህ ነው፤ ሰውን ያጅላል።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ወንድይራድ ያን ቀን ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጢው አለ፤ ደሞዙ ገብቷል። ቆይቶ ደግሞ ጢው አለ፤ ሌላ ብር ገብቷል፤ ከደሞዙ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ባንኩ የተሳሳተ መስሎት ሊጠይቅ ሲነሣ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰኚን አገኛት። ሰኚ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ በቅርቡ የተቀጠረች የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ እትዬ ዲሪቤ ጡረታ ሲወጡ የመጣች፣ መስኮቱን በወሬ ብቻ የምታውቅ።

«ጋሼ፣ ገባልዎት?» አለችው ፈገግ ብላ።

«ምኑ?»

«ማስተዛዘኛው ነዋ። ካርቶን ይዞ መዞር ቀረ። ከሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ቆርጬ ላክሁልዎት። ማንም ከወንበሩ አልተነሣም!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ሌላ ምን ይበላት? ልጅቷ ደግ የሠራች መስሏት ነው፤ ደግም ሠርታለች።

እግሩ ግን ወደ ታች ወሰደው። መስኮቱ በኮምፖርሳቶ ተለብጧል። አግዳሚዋ ላይ የወረቀት ካርቶን ተከምሯል። አንዱን ካርቶን መሬት አውርዶ ተቀመጠ። ሠራተኞች በአጠገቡ አለፉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉት። የቆመ የለም። ማን በምን ይፈረድበታል? ሁሉም አዋጥቷል፤ ሁሉም የወጣበትን ዕዳ ከፍሏል። አንዱ ከሩቅ ለጓደኛው «ሚንዳን ገሌ?»፣ ደሞዝ ገባ ወይ፣ አለው፤ ሌላው «ገሌራ»፣ ገብቷል፣ ብሎ መለሰለትና ባጃጅ ፍለጋ ወጡ።

ባጫ የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲያልፍ አየውና ተመለሰ። ሌላውን ካርቶን አንሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ለምን እዚህ እንደተቀመጠ አልጠየቀውም። የሚያወራው ቢያጣ ስለ ደሞዝ ጀመረ።

«ይቺ ኮምፒውተር ፍርድ አታዛባም፣ ጋሼ። ኃላፊውን ሃምሳ፣ እኔን ሃምሳ። ድሮ ሃምሳ አስመስለው አሥር የሚጥሉትን ሁሉ ጉድ ሠራቻቸው።»

ወንድይራድ ስልኩን አወጣ። የመጀመሪያውን መልእክት እንደገና አነበበው።

«ከእኔም ሃምሳ ጎድሏል» አለ።

«ከምኑ?»

«ከደሞዜ።»

ባጫ ሳቁ አመለጠው። ከት ብሎ ሳቀና መሐል ላይ ቀጥ አለ። «ሂን ተኡ!» ብሎ ተነሣ። «ይሄማ አይሆንም! ሰው ለገዛ ሚስቱ ማስተዛዘኛ ይቆረጥበታል? ተነሥ፣ እንሂድ!»

ወንድይራድን በክንዱ ይዞ ደረጃውን አወጣው። ሰኚ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብላ አየች፤ ደግማ አየች።

«ሁሉንም ሠራተኛ የሚል አለ፤ እሱን ነው የነካሁት» አለች። «የእርስዎን ስም ማውጣት ነበረብኝ። አላሰብኩትም፣ ጋሼ። አፈር ልብላ። አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ።»

«አላሰብኩትም ትላለች!» አለ ባጫ። «እትዬ ዲሪቤ ቢሆኑ…»

«ተዋት» አለ ወንድይራድ።

«እንዴት እተዋታለሁ?»

«ተዋት አልኩህ። አንቺም አትመልሺው፣ ልጄ።» ድምፁ የተለመደው የመዝገብ ቤት ድምፁ ነበር፤ የፋይል ቁጥር የሚናገር ይመስላል። «ከጅማ አንተ አመጣሃት። ድንኳኑን እድሩ ተከለው። እንባውን ዘመዶቿ አለቀሱት። እኔ እስካሁን ምንም አላደረግሁላትም። ይቺ ሃምሳ ብር ብቻ ናት የእኔ። እሷንም መልሼ ልቀበላት?»

ሰኚ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ለቀብሩ ጎሬ አልሄደችም ነበር፤ ለቅሶ ቤትም አልደረሰችም። ብሩን ስትልክ የደረሰች መስሏት ነበር፤ አሁን አፈረች። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ዞራ መጣች፤ የሚባለውን ሁሉ እናቷ ስትል ከሰማችው ላይ እየፈለገች የወንድይራድን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አለችው። በሐዘን ላለ ሰው የሚባል ነው፤ እግዜር ያጽናዎት እንደማለት። «ስማቸውን እንኳ አላውቀውም ጋሼ። ማን ነበር የሚባሉት?»

ወንድይራድ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠራውም ነበር።

«ሳያት» አለ።

ደግሞ «ሳያት» አለ፤ ሦስተኛውን ግን እንባው ቀደመው። ባጫ ከኋላ ደገፈው፤ ሰኚም እጁን ሳትለቅ በእግሯ በሩን ገፍታ ዘጋችው።