የጎን ወንበር

«ዛሬም መጡልሽ» አለች ፍሬዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ በረዶው እያየች። «ያ ረጅሙና ያቺ ሉርደስ የምትባለዋ። ያ ሰውዬ ዛሬም የአሳማ ሥጋ የተሞላ ፓይ ይዞ ከመጣ፣ እንደ ትናንቱ በረንዳ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ቁራ ይብላው!»

«ተያቸው።»

«ቆይ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዘጊያቸው? ወይ አናግሪያቸው፣ ወይ ሂዱልኝ በያቸው።»

ቶቫ ፊቷን ከእህቷ አዞረች። ባሏ ኤዝራ ከተቀበረ ጀምሮ እንደ አይሁድ ወጋቸው ሳሎኑ ውስጥ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣለች። መስታወቶቹ በአንሶላ ተሸፍነዋል፤ የሹራቧ ደረት ተቀዷል፤ በሩ ለቅሶ ደራሹ እንዳያንኳኳ ሳይቆለፍ ይውላል። ሌላም ወግ አለ። ሀዘንተኛው አፉን ሳይከፍት እንግዳ ቃል አይተነፍስም። ጎረቤቶቹ ይህን ወግ የሚጠብቁት አንዲት ቃል እስክታመልጣት ብቻ ነው። «ተቀመጡ» ካለች አበቃ፤ ስለ ከተማቸው ዊኒፔግ ብርድና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወርዱታል።

ለኤዝራ ሠራተኞች ግን ያቺን አንዲት ቃል ነፍጋቸዋለች። ሆን ብላ ነው።

ኤዝራ የከተማዋ የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ልጄ አይተነፍስም፣ እናቴ ወደቀች የሚል ሁሉ የሚደውለው እዚያ ነው። ያን ሁሉ ጩኸት ሰምተው የሚውሉትን ሠራተኞች የሚሰማው ደግሞ እሱ ነበር። የከፋውን ወደ ቤቱ ይሸኝና በቦታው ራሱ ይቀመጣል። የበላዮቹ «እረፍት አበዛህላቸው» ሲሉት ይጣላላቸዋል። አንድ ዓመት የቶቫ ልደት ላይ ስልክ ተደውሎለት፣ ኬኩ ሳይቆረስ ካፖርቱን አጥልቆ ወጥቷል። ስለዚህ ቶቫ ፍርዷን ከቀብሩ በፊት ነው የጨረሰችው፤ ባሌን የበሉት እነሱ ናቸው።

ጋርኔትና ሉርደስ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ጋርኔት ያን ሁሉ ቁመቱን አጣጥፎ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፤ ሉርደስ አጠገቡ። ፍሬዳ የተቀቀለ እንቁላል አቀረበች። በሉ። ዝም አሉ። ቶቫ ዝምታቸውን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ነበር የምታየው፤ ደስም ይላት ነበር። ዛሬ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«አፍ የላችሁም እንዴ?»

ጋርኔት ቀና አለ። «አለን። እርስዎ እስኪጀምሩ እየጠበቅን ነው።»

«ማን ነው ጠብቁ ያላችሁ?»

«ኤዝራ ነዋ!» አለ፣ ይህን አለማወቋ እያስገረመው። «ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ደወለች። ሕፃኑ አልተረፈም። ማዳመጫውን አውልቄ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ፣ አለቃዬ አንዲት ዱካ እየጎተተ መጣ። ከእኔ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። አይዞህ እንኳ አላለኝም። እኔ እስክጀምር ጠበቀኝ።»

«እኔማ» አለች ሉርደስ፣ «አንድ ቀን አልናገርም ብዬ ድርቅ ስል፣ እዚያው ዱካው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሲያንኮራፋ ሳቄ መጣ። ከሳቄ ቀጥሎ እንባዬ።»

«ይሄን ከማን ተማርከው ስንለው» አለ ጋርኔት፣ «ከሚስቴ ይለናል።»

ቶቫ አባቷ የሞቱ ጊዜ ትዝ አላት። ኤዝራ ያኔ ወጣት ነበር፤ ሀዘኗን ሊያስረሳት ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ፣ በሻይ ብርጭቆ ጨዋታ ሲያሳይ፣ በመጨረሻ ጮኸችበት። «ኤዝራ! እባክህ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ!» ተቀመጠ። እሷ ከዚያ በኋላ ረሳችው። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖሯል።

«ለእሱስ?» አለች። «ለእሱ ማን ተቀመጠለት?»

ሉርደስ አቀረቀረች። ጋርኔት የእንቁላሉን ቅርፊት በመዳፉ ጨመቀ።

«ዱካዋ የምትቀመጠው በእሱ ጠረጴዛ ሥር ነበር» አለ። «ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ። ደረቱን ሲያሽም አይቻለሁ። አውጥቼ አጠገቡ ልቀመጥ አልኩና... አለቃ አይደል? ማን ነኝ እኔ አልኩ። ተውኩት።»

ሰሞኑን የጠበቀችው ቃል ይኸው መጣላት። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ጩኸቱ ግን አልወጣም። ኤዝራ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቶቫ መስኮቱን በቀለበቷ ታንኳኳለች። «ሾርባው ቀዘቀዘ!» ፈገግ ብሎ ይወርዳል። ምን ሆንክ ብላው አታውቅም። የመጨረሻዋ ዕለት ደክሟት ነበር፤ በራሱ ጊዜ ይምጣ ብላ ተወችው። ልቡ እዚያው ቀጥ አለች። ሁሉን ሆድ ይፍጀው ብሎ የሄደ ሰው ነው።

«ልጄ» አለችው ጋርኔትን፣ «ዱካዋን ከዚያ ጠረጴዛ ሥር አውጧት። የሚመጣው አለቃ ማንም ይሁን ማን፣ ለእሱም ሳቡለት። ቢቆጣም ይቆጣ።»

ጋርኔት ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ቶቫም አብራው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ፍሬዳ አንሶላዎቹን ከመስታወቶቹ ላይ አወረደች፤ የእህቷን ካፖርት ይዛ መጣች። ሀዘን ሲያበቃ ተነስቶ ሰፈሩን ዞሮ መመለስ ወግ ነው።

«ነዪ፣ ተነሽ እንግዲህ። ቦቲሽን አጥልቂ፣ የእግረኛው መንገድ ያዳልጣል።»

ቶቫ ተነሳች። ወደ ፊት ለፊቱ በር ግን አልሄደችም፤ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጋራዡ ወጣች። መኪናው እንደቆመ ነው። የሾፌሩ ወንበር ለኤዝራ እግር እንዲመች ወደ ኋላ እንደተገፋ፣ ጓንቱም ከፊት መስታወቱ ሥር።

«ቶቫ? ወዴት ነው?»

ዞራ የወዲያኛውን በር ከፈተችና ከሾፌሩ ጎን ገብታ ተቀመጠች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ፍሬዳ ተከትላት መጥታ መስኮቱን ልታንኳኳ እጇን አነሳች፤ የእህቷን ፊት ስታይ መልሳ አወረደችው።

ቶቫ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ባዶው ወንበር ዞር አለች። እሱ እስኪጀምር ጠበቀች።