ለሚናስ ሁለት ስንኝ

ሰብለወርቅና ባለቤቷ ባንቲሁን ለልጃቸው መቃብር ድንጋይ ያዘዙት ሚናስ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጁ ትኩሳት ይዞት በስድስት ዓመቱ ነው ያረፈው። ድንጋይ ጠራቢው ሙሰዲቅ፣ «ከስሙ ሥር ሁለት ስንኝ ይበቃዋል» አላቸው። ባልና ሚስቱ ሳይመካከሩ ሁለት ሁለት ስንኝ ጽፈው ቁጭ አሉ። ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ደግሞ የለም።

አርብ ዕለት ሻሼ፣ በስደት በሚኖሩባት የወደብ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ የተባለ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ብቅ አለች። ሆዳን ሰፈር አሠሪዎቿ ቤት የምትኖር፣ አርብ አርብ የምታርፍ የሰብለ ጓደኛ ናት፤ ሚናስንም አዝላዋለች። ማራገቢያው ቬንቲላተር ሥር ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ዳኛ አደረጓት።

ባንቲሁን ጉሮሮውን ጠርጎ ቀደመ፦

«ሰማይ ምን ጎደለው ኮከብ ሞልቶት ሳለ፣
የእኔን አንዷን ኩራዝ ነጥቆ ኮበለለ።»

«ወይ ጉድ! ያምራል» አለች ሻሼ። «ያንቺስ?»

ሰብለ አንገቷን ደፍታ አነበበች፦

«ጫማህን ደብቀህ ‹እስቲ አግኚው› ስትለኝ፣
አገኘሁት ልጄ፣ እግርህ ነው የጠፋኝ።»



«‹ስትለኝ› እና ‹የጠፋኝ› ቤት በቅጡ አይመቱም» አለ ባንቲሁን።

«ቤቱን እኔ አስተዳድረዋለሁ፤ መምታቱን ለአንተ ተውኩት!»

ሻሼ ሳቋ አመለጣት። «ለመሆኑ የት ነበር የሚደብቀው?»

«ሩዝ ጆንያ ውስጥ» አለች ሰብለ።

«የእኔን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ!» አለ ባንቲሁን። «አንድ ቀን ፈልጌ ሳጣው በግራ ሸራ ጫማ፣ በቀኝ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነፃ የንግድ ቀጠናው ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ‹ቆሰልህ እንዴ?› አለኝ። አዎ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳነክስ ዋልኩ።»

ሰብለ እስኪያስነባት ሳቀች። ይህን ነግሯት አያውቅም። ከቀብሩ በኋላ የሚናስን ስም በቤቱ ውስጥ ያነሳው ሰው አልነበረም።

«በሉ እንግዲህ፣ ፍረጂ ብላችሁኛል» አለች ሻሼ። «ባንቲሁን፣ ያንተን የትኛውም አባት ለየትኛውም ልጅ ሊለው ይችላል። የእሷ ግን የሚናስ ብቻ ነው።»

ባንቲሁን ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። ሰብለ ግን ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ደግማ አየችው።

«ተይው፣ ሻሼ። ከቀብሩ በሳምንቱ ሥራ ሲገባ ሐዘኑ አልከበደውም ብዬ ቂም ይዤበት ነበር። ‹ነጥቆ ኮበለለ› ይላል፣ እይው። ሌባ ነው ያለው ሰማዩን! ለካ እንዲህ ተናዷል።»

«እስካሁንም አልበረደልኝም» አለ ባንቲሁን ቀስ ብሎ።

እጁን ያዘችው። ከዚያ ክርክሩ ተገለበጠ፤ እሱ «ያንቺ ይጻፍ» ሲል፣ እሷ «ያንተ» ስትል ሻሼ ታከታት።

«ፈርጃለሁ እኮ! የሰብለ ይጻፍ፤ አለቀ።»

ሙሰዲቅ አማርኛ ስለማያነብ ፊደሎቹን እንደ ሥዕል እያየ ቀረጻቸው፤ አንዱንም አልሳተም። በተከታዩ አርብ ጠዋት ድንጋዩ ተተከለ። ሦስቱ አበባ አስቀምጠው፣ ጸልየው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ወጡ። ርቧቸው ስለነበር የየመኖች ምግብ ቤት ገብተው አንድ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ አዘዙ። ባንቲሁን ሚናስ ባሕሩን መጀመሪያ ያየ ቀን ያለውን ማውራት ጀመረ፤ ሰብለ፣ «እንደዚያ አላለም፣ እኔ ልንገራችሁ» ብላ ነጠቀችው።