የጠማው ጥቁር

ስለ ጥቁር መኪና ማወቅ የፈለገ ሰው እኔን ይጠይቅ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር አጎቴ በር ላይ ካለችው ወንበሩ ሆኖ ያስላል። ጉንፋን እንዳይመስላችሁ፤ ሳቁን የሚደብቀው በሳል ነው።

አጎቴ ላቫጆ አለው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚቆምበት የሲሚንቶ ወለል፣ ወለሉን ለሁለት ከፍሎ እስከ በሩ የሚወርድ የውሃ ቦይ፣ ከጀርባ ደግሞ አንዲት የምትቆለፍ ክፍል። ወለሉ የእጥበት ነው፤ ክፍሏ የፖሊሽ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቷ በላስቲክ ታሽጓል፣ ጣሪያዋ ላይ ስድስት ነጭ አምፖሎች ተደርድረዋል፣ መደርደሪያዋ ጠርሙስና ቆርቆሮ ሞልቶበታል። ቁልፏ አጎቴ ቀበቶ ላይ ሲንቀጫቀጭ አራት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። ድሮ የሚወለውለው እሱ ራሱ ነበር። ትከሻው እምቢ ካለው ወዲህ ግን የፖሊሽ ሥራ ሲገኝ ከከተማው ማዶ «እጀ ሐር» የሚሉትን ሰውዬ ይጠራል። እኔስ? እኔ ጎማ አሻለሁ፣ ምንጣፍ አራግፋለሁ፣ ሰው ወንበር ሥር የለጠፈውን ማስቲካ እፍቃለሁ።

ቢሆንም ማንም ሳያስተምረኝ ተምሬአለሁ። ከጋራዥ የተጣለ ጥቁር በር ለምኜ አምጥቼ፣ ግድግዳ አስደግፌ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ስንቴ ቧጥጬ ስንቴ እንዳዳንኩት በሩ ቢናገር ጆሯችሁን ትይዙ ነበር። ነጭ መኪና ይቅር ባይ ነው። ጥቁር መኪና ግን ሐሜተኛ ነው፤ አንዴ በቆሸሸ ጨርቅ ካበሱት፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ላለፈ ላገደመው ሁሉ ይናገራል። እነዚያን ቀጫጭን ጭረቶች እኛ የሸረሪት ድር እንላቸዋለን። ድሩን የሚያጠፋው ፖሊሽ ነው፤ ቀለሙን በስሱ ይልጥና ጭረቱን ከነሥሩ ያነሳዋል። ሰም ደግሞ ከላይ ሆኖ ዝናብና ፀሐይ ይመክታል። በመሀል ያለው ግሌዝ የሚሉት ቅባት ነው፤ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይተኛና የሌለ ያስመስለዋል። ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ጉዱ ይወጣል።

«ግሌዝ ማለት ፊቱን ያልታጠበ ሰው የሚቀባው ፓውደር ነው» እላለሁ።

አጎቴ ያስላል። መደርደሪያው ታች ስሙ የተፋቀ የግሌዝ ቆርቆሮ አለው፤ ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ካልሆነ አይከፈትም። ልጥለው ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ከቆሻሻው መልሶ አንስቶታል።

ማክሰኞ ጠዋት መምህርቷ መጡ። ጠመኔ የነካው ኮታቸውን ለብሰው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ጥቁር መኪና እየነዱ። ጥቁር ያልኩት ለክብሩ ነው፤ ቀለሙ ደርቆ አመድ መስሏል።

«የእናቴ መኪና ነው» አሉ አጎቴን። «ሠላሳ ዓመት የነዳችው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት መንገድ ከመጀመሯ በፊት ኮፈኑ ላይ ሻሿን ታስተካክል ነበር፤ መስታወት በቤት ጠፍቶ አይደለም፣ አመሏ ነው። ኋላ የዓይን ሞራ ጋረዳት። አሁን ቀዶ ጥገናውን አደረገች፣ ሐሙስ ፋሻው ይፈታላታል። ምን ላሳይሽ ብላት፣ ልጆቼን የልጅ ልጆቼን አትልም መሰላችሁ? ‹ፊቴን ኮፈኑ ላይ አሳዩኝ› አለች።»

አጎቴ ኮፈኑን በእጁ ጀርባ ዳሰሰው። «እጀ ሐር የሚመጣው ሰኞ ነው።»

«ሐሙስ ከሰኞ በፊት ነው ጋሼ» አልኩ። «ይህንንም የተማርኩት በስልክ ነው።»

«አንቺ ምላጭ፣ ዝም በይ።» ምላጭ የሚለኝ ስሜ ጠፍቶት አይደለም።

«ለእኔ ስጠኝ። አንዲት ነገር አልጠይቅህም። አንዲት ነገር ከጠየቅኩህ እጀ ሐር ሰኞ መጥቶ እዚሁ ይቅር፤ እኔም ማስቲካዬን እየፋቅኩ አረጃለሁ። ሳልጠይቅህ እማማ ፊታቸውን ካዩበት ግን ቁልፏ የእኔ ናት።»

አጎቴ ወደ መምህርቷ ዞረ። መምህርቷ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ሃያ አምስት ዓመት ተማሪ ያዩ ዓይኖች ናቸው።

«በራሷ ትተማመናለች» አሉ።

«በራሷ መተማመን እንኳ አልጎደላትም» አለና ቁልፉን ፈቶ ሰጠኝ። «እስከ ሐሙስ በውሰት።»

ክፍሏን ከፈትኩ። ስድስቱን አምፖል አበራሁ። መኪናውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ የኋላ ክዳኑ ላይ በወረቀት ፕላስተር አራት መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ አራት ማዕዘኖች ከለልኩ። የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው መኪናውን ሙሉ አይገባበትም፤ ከትንሹ ይጀምራል። አንዱ ላይ ሻካራውን ፖሊሽ፣ ሁለተኛው ላይ መካከለኛውን፣ ሦስተኛው ላይ ለስላሳውን ልሞክር፤ አራተኛውን ላወዳድርበት እንዳለ ልተወው። ግሌዙን በእግሬ ወደ ጥግ ገፋሁት።

መጀመሪያ መካከለኛውን ያዝኩ። ነጩ ስፖንጅ ላይ አራት ጠብታ፣ ማሽኑ በዝግታ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ድምፁ ራሱ ደስ ይላል፤ ጠግቦ የተኛ ድመት ይመስላል። ስጨርስ ማሽኑን ገልብጬ ስፖንጁን አየሁት።

ጥቁር ነበር።

ግራጫ አላልኩም። ከሰል የነካ ይመስል ድብን ያለ ጥቁር። በእኔ በር ላይ ስንት መቶ ጊዜ ስሠራ ስፖንጁ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ጣቱን ቀስሮ ምን ነበር ያለው? ስፖንጃችሁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ ሽፋኑን በስታችኋል፣ አለቀላችሁ። በስቼዋለሁ ማለት ነው። በአራት ጠብታ! የሠላሳ ዓመት መኪና!

ማሽኑን ነቅዬ አስቀመጥኩ። ለስላሳውን ፖሊሽ በእጄ፣ በጨርቅ ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ ሞከርኩት። ጨርቁም ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ለሐሙስ የሚበጅ ነገር አልነበረም፤ መኪናውን በአንሶላ ሸፈንኩት። ሬሳ መሰለ። ገለጥኩት። ጉድ ነበር፤ መልሼ ሸፈንኩት።

መጠየቅ እችል ነበር። አጎቴ ከእኔ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ «ጋሼ» ማለት ብቻ ነው። እስከ ክፍሏ በር ሄጄ አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰኞ፣ እጀ ሐር፣ ማስቲካ። አፌን ዘጋሁት። ማስረጃውን ማጥፋት ይሻላል ብዬ ስፖንጁንና ጨርቁን ይዤ ወጣሁና ቧንቧው ሥር በሳሙና አጠብኳቸው።

እዚህ ላይ ነው የብልህነቴ ልክ የታየው። በዚያ ላቫጆ ሥራዬ ብዬ አራት ዓመት ሙሉ የጠረግኩትን ቦይ ረሳሁት። ውሃው ወለሉን ሰንጥቆ፣ እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቁሮ፣ ሳይቸኩል ወርዶ አጎቴ ወንበር ሥር፣ በሁለት ጫማዎቹ መሀል አለፈ።

ሳል አልሰማሁም። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

መጣ። አንሶላውን ገለጠ። ጎንበስ ብሎ አራት ማዕዘኑን አየ፣ አሸተተም።

«አልጠየቅኩህም» አልኩ።

«እኔስ መቼ መለስኩልሽ?» ጣቱን ቀለሙ ላይ አሻሸና አሳየኝ፤ ጣቱም ጥቁር። «ማሽኑን ስንት ጊዜ አሳለፍሽበት?»

«አንድ ጊዜ። ስፖንጁን ሳይ አቆምኩ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው። ልፈጨው ነበር እንዴ?»

ትከሻውን እያሸ ሳቀ፤ በሳል ሳያስመስል፣ በጥርሱ ሁሉ። «አልበሳሽውም አንቺ ልጅ። የሚበሳ ነገር የለውም። የዛሬዎቹ መኪኖች ከቀለማቸው በላይ ጥርት ያለ ሽፋን አላቸው፤ መነጽር አድርገው ነው የሚወለዱት። ያ በርሽም እንደዚያው። ይኼ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ የነካሽው ቆዳውን ነው። በወለወልሽው ቁጥር ከራሱ ቀለም ይሰጥሻል። አበጥሪው ሲሉሽ ትላጪው እንዳይሆን እንጂ ደህና ነው።»

በቪዲዮዎቹ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት መኪና አልነበረም፤ ሁሉም መነጽር ያደረጉ ነበሩ።

አጎቴ እየተናገረ ጥግ ወዳለው ቆርቆሮ ሄደ። «ይኼ ቀለም አልተጫረም፤ ጠምቶታል። ቅባቱ ደርቆበታል። ደረቅ ቆዳ ይላጣል ወይስ ይቀባል?»

መልሱን አውቀዋለሁ።

«ፓውደር ነው እኮ» አልኩ፣ በጣም በቀስታ።

«ለአዲሱ ፓውደር ነው፤ እሱስ እውነትሽን ነው። ለዚህ ግን ምግብ ነው።» ማንኪያውን አንስቶ በእጀታው ክዳኑን ፈነቀለው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግሌዝ በወፍራም ፎጣ እየነከርኩ መኪናውን አበላሁት። ሌላ ቃል የለውም፤ አበላሁት። እቀባዋለሁ፣ ዞር ብዬ ስመለስ ጠጥቶታል። ጣሪያው ሁለት ጊዜ ጠጣ፣ ኮፈኑ ሦስት ጊዜ። አጎቴ ወንበሩን ክፍሏ በር ላይ አምጥቶ ተቀምጦ ነበር። «አትጥረጊው። እስከ ነገ ይጠጣ» ካለው በቀር ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ውርርድ ውርርድ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የተረፈውን ስጠርገው አመዱ የለም። ለስላሳውን ፖሊሽ ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ አሳለፍኩ፤ ስፖንጁ ሲጠቁር አሁን አልደነገጥኩም፣ እንደውም እየቀያየርኩ ደርድሬ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ። እንደገና ግሌዝ፣ እንደገና እስኪጠጣ መጠበቅ። ሰሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይነካብኝም። መደርደሪያው ላይ አንድ የሚያምር ጠርሙስ ነበር፤ እያጸዳም ሰም እየቀባም ጊዜ ይቆጥባል የሚባል። የአጎቴ ዓይን እሱ ላይ ሲያርፍ አየሁ።

«እሱ አይሆንም ጋሼ» አልኩ። «የሚያጸዳ ነገር አለበት፤ ሁለት ቀን ያጠጣነውን ቅባት በአንድ ጊዜ ጠርጎት ይሄዳል። የሚያስፈልገው ጠጣሩ ሰም ነው፣ የቆርቆሮው።»

አጎቴ አሳለ።

ሐሙስ ጠዋት ጠጣሩን ሰም በስሱ፣ በጣም በስሱ ቀባሁት። ስንፍና ሰምን ወፍራም ያደርገዋል ይላል አጎቴ። ስወለውለው አምፖሎቹ ኮፈኑ ውስጥ አንድ በአንድ በሩ፤ ስድስቱም፣ የመብራት ገመዱ እስከ ቋጠሮው ድረስ። ከዚያ የእኔ ፊት መጣ። ግንባሬ ላይ ጥቁር ነገር ነበር፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲሁ ስዞር ኖሬአለሁ ማለት ነው፣ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ከሰዓት በኋላ መኪናውን ወደ ፀሐይ አወጣነው። መምህርቷ እናታቸውን በክንዳቸው ደግፈው መጡ። አጭር ሴትዮ ናቸው፣ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ከከዘራቸው ይልቅ በአገጫቸው ነው መንገድ የሚከፍቱት።

«የታለ?» አሉ። ከዚያ አዩት። ከዘራው ቆመ።

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና ኮፈኑን አፍጥጠው አዩት። አፈጠጡ፣ አፈጠጡ።

«ይቺ አሮጊት ማን ናት?» አሉ።

«እማዬ!» አሉ መምህርቷ።

«አይ፣ እጠይቃለሁ እንጂ። ስድስት ዓመት ዘወር ብል ቦታዬ ላይ ማን ገባበት?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የሠራሽው? መልሺው። እንደነበረ ይሻላል።»

አጎቴ በሩን ይዞ ይስቅ ጀመር። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ፤ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ሙሉ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉት። አዲስ ሰም! ጥቁር ቀለም! «አይነካም!» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት፤ ድንጋይ የመዋጥ ያህል። እሳቸው እጃቸውን አንስተው፣ አምስቱን ጣታቸውን እዚያው ትተው፣ ኮፈኑን እያዩ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ግራውን ሳብ፣ ቀኙን ሸጎጥ።

«ደህና» አሉ። «እሷም ሻሽ ማሰር ታውቃለች።»

መምህርቷ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ «ብቻሽን ነው የሠራሽው?» አሉኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። እውነትም አልጠየቅኩም፤ ቃል በቃል ቢመረምሩት ውርርዱን አሸንፌአለሁ። ግን ያ ጥቁር ውሃ በአጎቴ ጫማዎች መሀል ሲያልፍ ትዝ አለኝ፤ እማማም አሁን በሚያይ ዓይን እያዩኝ ነው።

«እጁ የእኔ ነው» አልኩ። «ማብላቱን ያሳየኝ ግን ጋሼ ነው። እሱ ባይኖር መኪናው እስከ ዛሬ አንሶላ ውስጥ ነበር።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለአጎቴ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ለእጀ ሐር ደውዬ አትምጣ ብዬዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ፣ ውሃው በሥሬ ሲያልፍ ያየሁ ዕለት። እሱ ስፖንጁ ሲጠቁር አያቆምም፤ ብረቱን ሲያይ ነው የሚያቆመው። አንቺ በአንዱ ዙር አቆምሽ።» ቀበቶውን እየነካካ ቀጠለ። «ደግሞ ወገቤ ቀሎኛል።»

«እና ማክሰኞ የወሰንከውን ደብቀህ እስከ ዛሬ በጭንቀት እያነደድከኝ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

መልስ አጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ። እማማ ወደ መኪናው እየገቡ «ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ፤ አጎቴም ሳሉን ለቀቀው፣ እስኪያነባ።

መኪናው ወጥቶ ሄደ፣ ኮፈኑ ላይ አምስት ጣት ይዞ። ላብስላቸው ጨርቅ አንስቼ ነበር፤ ተውኩት።

ከዚያ ክፍሌን ከፈትኩና መደርደሪያዬን አስተካከልኩ። ያችን ስሟ የተፋቀ ቆርቆሮ ከጥጉ አንስቼ ጠረግኳትና ወደ ላይ አወጣኋት። ከፖሊሾቹ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ ነው፤ ተሳስቻለሁ አልኩ እንጂ ኩራቴን አልሸጥኩም።