የታፈነው ሞተር

ሽማግሌው ሾፌር ከሳሎኑ ጥግ ተነስቶ ዳገቱን በጀመረ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። መኪናው፣ መንገዱ፣ ተራራው፣ ከኋላ የጫነው ሃያ ቶን ብረት፣ አንድ ላይ ጠፉ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የቀረው የራሱ ፊት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማየት አልፈለገም።

ነገሩ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ግን እሱ ፊት "ጨዋታ" የሚል ሰው ይጠንቀቅ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተሳቢ ነድቶ፣ የግራ ዓይኑ ሲጠፋ መንጃ ፈቃዱን አናድስም አሉት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን መኪና በጆሮው ሲያማ ከረመ። ያኛው ማርሽ ሳይቀንስ ዳገት ገባ፤ የዚህኛው ፍሬን ሸራው አልቋል። በመጨረሻ ሴት ልጁና ባሏ፣ መሪና ፔዳል ያለው የጌም ኮምፒውተር ገጣጥመው ሰጡት። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እንደሱ ጡረታ ከወጡ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹ ጋር፣ ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት አንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ይነዳሉ። ሰውየው ምግብ መብላት እንደ ሰው የጀመረው ያኔ ነው።

አሁን ግን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ዳገቱ ላይ ቀረ። ባልደረቦቹ ትንሽ ይጠብቁታል፣ ትንሽ ይቀልዱበታል፣ ከዚያ ትተውት ይሄዳሉ። ልጁ "ይሄ ከተቃጠለ ሌላ የለም" ስትል ሰምቷል። ወደዚያ በረንዳ መመለስ ለሱ ከነሕይወቱ እንደመቀበር ነበር።

እሁድ ረፋድ ላይ ልጁ ምግብ ልትሠራለት ስትመጣ፣ ባሏ መፍቻውን በቦርሳ ይዞ አብሯት መጣ። አማቹ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። ሾፌሩ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በልቡ "ክኒን ቆጣሪው" ይለዋል። ጎማ ቀይሮ የማያውቅ ወንድ ቤቱ ድረስ ይገባል ብሎ አልሞ አያውቅም።

"አባባ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያሳይዎታል?" አለ አማቹ።

"ፋኑ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ቀጥ። ሞተሩ ግሏል። ይሄማ የታወቀ ነው፤ ውሃ የለውም።"

"ውሃ እንኳን ድሮም የለውም። በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።"

"እሱ ነዋ ችግሩ!"

አማቹ እየሳቀ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሙቀት መለኪያ ከፈተ። ገና ሳይነዳ ስድሳ ዲግሪ ይላል። ሽማግሌው ዳገቱን ሲያያዘው ሰማንያ፣ ዘጠና፣ ዘጠና ስምንት። አማቹ "ያቁሙት!" ብሎ ጮኸ።

"ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ መቶ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል።"

"ጨዋ ነው በለኛ" አለ ሽማግሌው።

ማራገቢያ ፋኖቹን አዩ፤ ይዞራሉ። ሣጥኑን ከግድግዳው አራቁት፤ ለውጥ የለም። አማቹ የጎኑን ክዳን ፈታ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነውን ማቀዝቀዣ አነሳ፣ ሥሩ የደረቀውን ግራጫ ቅባት አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገ። ከዚያ ከትንሽ ቱቦ የስንዴ ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አስቀመጠ።

"ጨመር አድርግበት እንጂ! ግሪስ ይሰሰታል?"

"ፔስት ነው የሚባለው አባባ። ሲበዛም አይሆንም፤ እንደ መድኃኒት ነው።"

ዘግተው ሞከሩት። ዘጠና አምስት። ሽማግሌው በቱቦው ፈረደ፣ በኤሌክትሪኩ ፈረደ፣ ፕሮሰሰሩን በሠራው ፋብሪካም ፈረደ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እሱ ግን ገና አልገባውም።

አማቹ ትንሽ አሰበና የጎኑን ክዳን አውልቆ ክፍቱን አስነሳው። ሰባ ሁለት። ዳገቱ አለቀ፣ ቁልቁለቱ ተጀመረ፤ ሰባ ሁለት።

"ሲከፈት ከቀዘቀዘ" አለ ለራሱ፣ "ሲዘጋ አየር አያገኝም ማለት ነው።"

ሽማግሌው ክው አለ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ከአማቹ ቀድሞ ገባው። ከሦስት ወር በፊት፣ አቧራ የሞተር ጠላት ነው ብሎ፣ የኮምፒውተሩን የፊት ሽፋን ነቅሎ ማጣሪያ ሠርቶለት ነበር። የትራስ ስፖንጅ በልኩ ቆርጦ፣ በአሮጌ ካኔቴራው ደርቦ፣ እንደ ድሮ መኪና አየር ማጣሪያ ዘይት ቀባ ቀባ አድርጎ። በሥራው እንዴት ኮርቶ ነበር! ስፖንጁ ሦስት ወር ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ፣ ይኸው የኮምፒውተሩን አፍንጫ ደፍኖታል። ሊናገር ፈለገና መሪውን ይዞ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

አማቹ የፊት ሽፋኑን ነቀለ። የጠቆረው፣ በዘይት የተለጠፈው ስፖንጅ ከነካኔቴራው ወጣ። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አንድ ጊዜ አየው። አልሳቀም፣ አልጠየቀም። በጋዜጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሽፋኑን መልሶ ገጠመ። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ዳገቱ ላይ ስድሳ ስምንት ዲግሪ አለ።

"ተሠራ?" አለች ልጁ ከወጥ ቤት። "ምን ሆኖ ነው?"

"ፔስቱ ነው" አለ ባሏ። "ደርቆ ነበር።"

ምሳ ላይ ለቀቀችበት። "ያኔውኑ ባለሙያ ይግጠመው አላልኩህም? 'እኔው እችላለሁ' ብለህ፣ አባቴን ሦስት ሳምንት አንገበገብከው። ለሕመምተኛ መድኃኒት ስትሰጥም እንዲህ ነው?"

"ልክ ነሽ፤ የኔ ጥፋት ነው" አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ሽማግሌው እፎይ ማለት ነበረበት። ጉርሻውን ግን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። አማቹ ቅድም ቀና ብሎ ያየው አስተያየት ከዚህ በፊትም ገጥሞታል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ረጅም ዳገት ላይ፣ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ መግባቱን በሁለት ጤነኛ ዓይኖቹ እያየ፣ "ጫፉ ላይ ስደርስ ይበርዳል" ብሎ ነዳው። ሞተሩ ተቃጠለ። ለባለንብረቱ ግን "መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን በደንብ አልዘጋውም" አለ። መካኒኩ ዝምተኛ፣ ከሱ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አየውና መፍቻዎቹን ሰብስቦ ከጋራዡ ወጣ። እንደተባረረ ቀረ።

"በቃ፣ ተይው" አለ ሽማግሌው። "ባልሽ ምንም አላጠፋም። ያፈንኩት እኔ ነኝ። ቦርሳውን ክፈቺና እዪ።"

የስፖንጁን ነገር ነገራት። አፉ አንዴ ከተከፈተ አይቀር ብሎ፣ ለሟች ሚስቱ እንኳ ያልነገራትን የመካኒኩን ነገርም ነገራቸው።  እሱ ወደ አማቹ ዞረ።

"ጥፋቴን ተሸክመህ፣ ተሰድበህ፣ ዝም ብለህ ወደ ቤትህ ልትሄድ ነበር። መንገዴን መለስክልኝ፣ ገመናዬንም ሸፈንክልኝ። እግዜር ይስጥህ። ግን በኔ ጥፋት ሁለተኛ ሰው አይወቀስም።"

አማቹ የሚገባበት ጠፋው። "አባባ፣ ሐሳቡ እኮ ትክክል ነው። ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ስስ መረብ እገጥምለታለሁ። ዘይቱ ነው ትንሽ..."

"ዘይት?" አለች ልጁ። "ኮምፒውተር ውስጥ ዘይት?" ከዚያ በኋላ ሦስቱም ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው።

ቅዳሜ ባልደረቦቹ ከመነሻው ላይ ሞተር አስነስተው ጠበቁት። እሱ ግን አልተነሳም። የጆሮ ማዳመጫውን አስተካክሎ "ያ የጋራዡ መካኒክ በሕይወት አለ?" አለ።

"አለ እንጂ!" አለ አንደኛው። "ስልኩ አለኝ። ምነው?"

ቁጥሩን ጻፈ። "እናንተ ቅደሙ፤ እደርስባችኋለሁ" አለና ደወለ። ስሙን ከተናገረ በኋላ ሰላምታውን ማስረዘም አልቻለም።

"ያ ሞተር... ክዳኑን በደንብ ዘግተኸው ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

 መካኒኩ "አውቃለሁ" አለ። "የገዛ እጄን ሥራ እንዴት አላውቅም? እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኩት፤ ይኸው ነገርከኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሽማግሌው አመስጋኙ እሱ መሆን ሲገባው መካኒኩ ስለቀደመው እንባው መጣ።

"ጉልበቴን ይዞኝ ከቤት አልወጣም" አለ መካኒኩ። "ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል።"

"እመጣለሁ። መንዳት ተከልክያለሁ፤ ልጄ ይዞኝ ይመጣል።"

"እኔ የማውቅልህ አንዲት ሴት ልጅ ነበር። ወንድ ልጅም አለህ እንዴ?"

"አለኝ" አለ ሽማግሌው።