አርባ አንደኛው ቦታ

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሁለቱ እጩዎች እኩል ብቁ ስለሆኑ፣ የቀረው አንድ ቦታ ቀድሞ ላረፈው ይሰጣል።» ኮሚቴው ያለ ክርክር ሲያጸድቀው፣ ባሕር ማዶ በትምህርት ያሳለፍኩት አሥራ አንድ ዓመት ለአንድ ነገር ጠቀመኝ ብዬ ነበር።

የምሠራው በከተማችን አሮጌ መካነ መቃብር ጽሕፈት ቤት ነው፤ መዝጋቢ ነኝ። ያለ እኔ ፊርማ ማንም አይቀበርም። ከዋናው በር እስከ ጥዱ ድረስ በመንገዱ ዳር የታዋቂ ሰዎች ረድፍ አለ፤ ከንቲባው፣ የመጀመሪያዋ አዋላጅ፣ እርስ በርስ ሲካሰሱ የኖሩ ሁለት ዳኞች ጎን ለጎን፣ ሌሎችም፣ በድምሩ አርባ። ሰው ከሞተ በኋላ በረድፍ መበላለጡ ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን ደመወዝ የሚከፈለኝ ረድፉን እንድጠብቅ ነው። አርባ አንደኛው ቦታ ከጥዱ ሥር ባዶውን ነበር። የታጩለት ሁለቱም ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ፤ አንዱ ለከተማዋ ውሃ አመጡ የሚባሉት ኢንጂነር፣ ሌላው አባቴ።

አባቴ ቀያሽ ነበር። ሰዉ «ውሃልክ» ይለዋል፤ የተንጋደደ ሥዕል ካየ በሰው ቤትም ቢሆን ተነስቶ ያቃናል። ውሃው ከምንጩ ወደ ከተማው የሚወርድበትን መስመር ተራራ ለተራራ ዞሮ የለካውም የነደፈውም እሱ ነው። በፕላኖቹ ቀኝ ጥግ ከታች ያለው ፊርማ ግን የኢንጂነሩ ነው። ያ ጥግ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ሃምሳ ዓመት አብሮን ኖሯል፤ ምሳ ላይ ይነሳል፣ እራት ላይ ይነሳል።

ለአባቱ አደላ እንዳልባል ነው ያንን ዓረፍተ ነገር እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት። አባቴ ቃለ ጉባኤውን አስመጥቶ በአጉሊ መነጽር ሦስት ጊዜ አነበበው።

«‹ቀድሞ ላረፈው›» አለ። «ጥሩ ነው። አያሻማም።»

ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኢንጂነሩ በሳምባ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጠዋት ጠዋት እየደወለ «እንዴት አደረ?» ይለኛል። የሰማሁትን እነግረዋለሁ። ለእህቴ «እርጅና ሰው ያለዝባል» አልኳት።

«አባባን?» አለችኝ። «አንተ በእውነት ውጭ ብዙ ቆይተሃል።»

እሷ ናት ከእሱ ጋር የምትኖረው። አንድ ረቡዕ ከሥራ ጠራችኝ፤ «ቶሎ ና፣ በስልክ አልነግርህም» ብላ። ስደርስ አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የቅየሳ መነጽሩ የእንጨት ሳጥን ተከፍቷል። መነጽሩ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ነጫጭ ኪኒኖች ተደርድረዋል። እህቴ ጠዋትና ማታ በገዛ እጇ የምታስውጠው የልብ መድኃኒት ነበር። ምላሱ ሥር ይዞ፣ ፊቷን ስታዞር እያወጣ፣ ዘጠኝ ቀን።

«የልብ ኪኒን እኮ ነው አባባ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከረሜላ አልመሰለኝም።»

«ልትሞት ነው እንዴ ሐሳብህ?»

«አንተ አይደለህም የጻፍከው? እሱ ኦክስጅን ላይ ነው። እንዲያውም ዘግይቻለሁ።»

እህቴ ሳቋ መጣ፤ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባትና ወደ ጓዳ ገባች።

«በእኔ ፕላን ላይ ሃምሳ ዓመት ፈርሟል» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ድንጋዩ ላይ ‹ውሃውን ያመጣ› ተብሎ ከተጻፈለት አለቀ። ወረቀት ይታረማል፣ ድንጋይ ማን ያርመዋል? በዚህ እንኳ ልቅደመው።»

«ሁለት ሜትር አፈር ነው እኮ።»

«ሁለት ሜትር ከአርባ» አለ። «ለክቼዋለሁ።»

በማግስቱ የከተማው ክለብ የቀድሞ ግብ ጠባቂ ሞተ። የክለቡ ሰዎች አርባ አንደኛው ቦታ ይሰጠው ብለው ማመልከቻ ይዘው መጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጣጣ አትወድም፤ «አንተ አስተያየት ጻፍበት፣ እኔ እፈርማለሁ» አለችኝ። ዓርብ ጠዋት «የመቃብር ቦታ በሕይወት ያለ ሰው አይጠብቅም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቦታው ከሌለ እሽቅድምድሙም የለም። ይህ ሲገባኝ ራሴን በጣም ብልህ አድርጌ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ስቴዲየሙ እንዳለ ተነቅሎ መጥቶ ቀበረው። ከዚያው ወደ አባቴ ሄጄ ነገርኩት።

«ለማን?» አለ።

«ለግብ ጠባቂው።»

«ስንት ገብቶበታል?»

«አላውቅም።»

«አጣራ እንጂ። ሰነድ ትወድ የለ።» እጁን ወደ እህቴ ዘረጋ። «አምጪ ኪኒኑን። ከእንግዲህ የምቸኩልበት የለኝም።»

ዋጠው። አፉን ከፍቶ ምላሱን አንስቶ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ሰኞ ደብዳቤ የምከፍትበት ቀን ነው። ይህንንም ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣ ያገኘው ሰው በቁሙ ከፍቶ ያነበዋል፣ ከዚያ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አሁን ዘበኛው በር ላይ የቀን ማህተም መትቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ እኔ ሰኞ ሰኞ በተራ እከፍታለሁ። ሦስተኛው ከሆስፒታል የተላከ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የኢንጂነሩ ልጅ ነው፣ የሚንቀጠቀጠው ፊርማ ግን የራሳቸው የኢንጂነሩ።

«የውሃው መስመር የቀያሹ ሥራ ነው። እኔ የፈረምኩት የክፍሉ ኃላፊ ስለነበርኩ ብቻ ነው። ይህን መናገር የነበረብኝ ድሮ ነው፤ አልተናገርኩም። ቦታው ለእሱ ይሁን። እኔ ራሴን አግልያለሁ።»

ከፊርማው ጎን የዘበኛው ሰማያዊ ማህተም ያለፈውን ሳምንት ማክሰኞ ይላል።

ደብዳቤውን ኮት ኪሴ ውስጥ ይዤ ዋልኩ፣ አደርኩ። አባቴ ሃምሳ ዓመት የጠበቀው ይህን ወረቀት እንጂ አፈሩን አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ማህተሙ ያለበትን ጥግ ልቆርጠው መቀስ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሐቀኛ ሆኜ አይመስለኝም። ሰነድ ለመቁረጥ እጄ እምቢ እንዲል ተደርጌ ነው የተማርኩት።

ረቡዕ ኢንጂነሩ አረፉ። በተራ ሰዎች ክፍል፣ ከኋላ አጥሩ ሥር ተቀበሩ። ፈረምኩ።

ሐሙስ ደብዳቤውን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችለት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ድገሚው» አላት። ደገመችው።

«እስቲ ስጪኝ።»

አጉሊ መነጽሩን አነሳ። ከላይ አልጀመረም። ቀያሽ ፕላን ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ቀኝ ጥጉን ነው፤ ማን ፈረመ፣ መቼ። ጣቱ ማህተሙ ላይ ቆመ።

«ግብ ጠባቂው የተፈቀደለት መቼ ነው?» አላት፣ እሷን።

እሷ ወደ እኔ አየች።

«ዓርብ» አልኩ።

«ማክሰኞ» አለ።

ደብዳቤውን በእጥፋቱ አጥፎ ሳጥኑ ውስጥ መነጽሩ ቦታ ላይ አስቀመጠና ክዳኑን ቆለፈ።

«እኔ ስሞት» አላት፣ «የቀብር ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው ማነው?»

«መዝጋቢው ነዋ።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላ መዝጋቢ የለም አባባ።»

«እንግዲያው አልሞትም» አለ፤ ውሃ አስመጣና ኪኒኑን ዋጠ።