ርጥብ ጆንያ

«ወላሂ፣ ይሄ ሣር ሳይታጨድ ከዚህ ግቢ አይወጡም አልኩ!»

«ነገ ሽማግሌ ቤቴ ይመጣል እያልኩዎት፣ እትዬ ኡምሰልማ! ልጄን ምህረትን ሊጠይቁ!»

አትክልተኛው ጉግሳ ይህን እያለ የማሽኑን ገመድ ጎተተ። አሮጌው የሣር ማጨጃ ትፍ ትፍ አለና ዝም አለ።

የሰመራ ከተማ ገና በጠዋቱ በሙቀት ትነድዳለች። ጉግሳን ወደ ቤቱ፣ ወደ አዋሽ የሚወስደው ሚኒባስ ሲሞላ ይነሳል፤ ካመለጠው ዛሬ ሌላ የለም። ነገ ሽማግሌዎቹ አባት የሌለበት ቤት ቢገቡ፣ ሳይቀመጡ ነው የሚመለሱት። ምህረት ደግሞ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

«እኔስ? ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» አለች የሆቴሉ ባለቤት ኡምሰልማ። «ሙሽሮቹን ጫካ ውስጥ ላስቀምጣቸው?»

«ጋሽ ጉግሳ፣ ጡሩምባ ይንፉለት እንጂ!» አለ ወንድሟ ታጁ ከበረንዳው። «ባቡር ያለ ጡሩምባ ይነሳል?»

ጉግሳ አዋሽ ጣቢያ ባቡር ሲጠግን ነው ያረጀው፤ ቀልዱን ለምዶታል። ዛሬ ግን አልሳቀም። የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ጎተተ። ምንም። ዓይኑ በሩ በሩን ያያል። በመጨረሻ የቤንዚን ታንከሩን የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው። ቤንዚኑ ከላይ ሰፈፈ፤ ከሥሩ ውሃ ተኛ።

ዞር ሲል ማሽኑ የሚያድርበት ጥግ አንድ ጆንያ ተጥሏል፤ ገና ይንጠባጠባል።

«ማሽኑን ይህን ማን አለበሰው?»

ኡምሰልማ ሻሿን አስተካከለች። «እኔ ነኝ። የውሃው ጀሪካን እንዲቀዘቅዝ ርጥብ ጆንያ ሳለብሰው፣ እሱንም አለብሰዋለሁ። በዚህ ሐሩር ብረቱስ አያሳዝንም?»

«የታንከሩ ክዳን እኮ ስንጥቅ ነው፣ እትዬ! ውሃ ስናጠጣው ከርመናል!»

«ስኳርስ አልጨመርሽለትም?» አለ ታጁ። ነጠላ ጫማዋን ወረወረችበት።

ጉግሳ ቤንዚን የሚያልፍበትን ካርብራተር ፈታና ቤንዚኑ ከንፈሩን እስኪለበልበው በአፉ ነፋው። አድርቆ ገጠመ፤ ንጹሕ ቤንዚን ሞላ፤ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ አሰረ። ጎተተ። አንዴ አስነጠሰው። ደግሞ ጎተተ። ማሽኑ ጥቁር ጭስ ተፋና ግቢውን በጩኸት ሞላው።

ኡምሰልማ እልል አለች። «ልቀቁ፣ እኔ ልግፋው! እርስዎ ይሂዱ!» ብላ እጀታውን ተቀበለችው። አስተናጋጆቹ ሊቀርጿት ስልካቸውን ይዘው ወጡ፤ ታጁ ከፊቷ እየሮጠ ድንጋይ ይለቅማል፤ ሣሩ በየአቅጣጫው ይበተናል።

ጉግሳ እጁን ሳይታጠብ ቦርሳውን አነሳ። በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ሰው እያወረደ ነበር።

«መናኸሪያ» አለ እየገባ። «ፈጠን በል ወንድሜ።»